አርጀንቲና የሚኖረው ሪሲቨር

ነገሪ የዲሽ ሪሲቨሩን ክዳን ፈትቶ የተጋገረውን አቧራ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠርጋል። ብሎኖቹን እንዳይጠፉበት በሻይ ሳህን ላይ ደርድሯቸዋል። የሪሲቨሩ ባለቤት እትዬ ወለተሰንበት ጌጃ ሰፈር ካለችው የነገሪ ጠባብ የጥገና ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጁን በዓይናቸው ይከተላሉ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. ነው። እሳቸው ስብከት የሚሰሙበት ጣቢያ ስርጭቱን ስለለወጠ፣ አሮጌውን ሶፍትዌር አጥፍቶ አዲስ መጫን የግድ ሆኗል።

«ነገሪ ልጄ፣ ሰዓቴን እንዳታጠፋብኝ።»

«የቱን ሰዓት እትዬ?»

«ፊቱ ላይ የሚበራውን ነዋ! ባለቤቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በእኛ አቆጣጠር ያስተካከሉልኝን። የዓይን ጠብታዬን የማደርገው እሱን አይቼ ነው። የግድግዳው ሰዓት አይታየኝም፤ ይኼ ግን እንደ ፍም ነው።»

ነገሪ አዲሱ ሲጫን የድሮው ሁሉ እንደሚጠፋ ያውቃል። እያመነታ ፍላሹን ሰካ። ሪሲቨሩ ጠፍቶ ሲበራ ሰባኪው በሱቁ ቴሌቪዥን ጥርት ብሎ መጣ፤ እትዬ ወለተሰንበትም አማተቡ። ፊቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን ዘጠኝ ይላል። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።

«ይኼማ የፈረንጅ ነው» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «የእሳቸው ጠፋ ማለት ነው?»

ነገሪ በሪሞት ሦስት አደረገው። ሪሲቨሩ ሰዓቱን ከሳተላይት እየሳበ ወደ ዘጠኝ መለሰው። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና መለሰው። በመጨረሻ በሪሲቨሩ ውስጥ ያለውን የሰዓት መምረጫ የአገሮች ዝርዝር ከፈተና አዲስ አበባን ትቶ ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀር አገር ፍለጋ ወረደ። አርጀንቲናን ሲጫን ቁጥሩ ብልጭ ብሎ ሦስት ሆነ።

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሪሲቨርዎ አርጀንቲና ነው የሚኖረው!»

«ስብከቱን ካመጣልኝ የትም ይኑር!» ብለው ሳቁ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ለካ ለዚህ ነው! ባለቤቴን ‹እንዴት አድርገው አስተካከሉት?› ስላቸው፣ ‹ሩቅ አገር ልኬው ነዋ› እያሉ ይስቁብኝ ነበር» አሉ።

ነገሪ ልደታ ማርያም ጀርባ ካለው ቤታቸው ድረስ ተሸክሞላቸው ሄደ። ገመዱን ሰክቶ፣ የሚለብሳትን ዳንቴል ቁጥሩን እንዳትሸፍን ሰብሰብ አድርጎ አለበሰው። ሳይበላ አልለቀቁትም። ቁጥሩ ስድስት ሲል እትዬ ወለተሰንበት ማንንም ሳይጠይቁ ጠብታቸውን አነሡ።

መንገድ ላይ ሚስቱ ኮከቤ ደወለች።

«ለግድግዳው ሰዓት ባትሪ ገዛህ? ቆሞ ሰነበተ እኮ!»

«እየገዛሁ ነው» አላት። ባትሪ የሚሸጥበትን ሱቅ ግን አልፎት ሄዷል፤ አልተመለሰምም፤ የራሱን ቤት ሪሲቨርም አርጀንቲና ሊልከው አስቧል።