ማስነጠሷስ በማን ወጣ?

ከመተማ ማዶ፣ በሱዳኗ ባሱንዳ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመጀመሪያዋ እናት ጥያቄዬን ሰምታ፣ «ምነው እቴ፣ ልጀን ለወንድምሽ ልታጪ ነው?» አለችኝ።

የጠየቅኋት፣ «በቤተሰባችሁ አስም ወይም የቆዳ ማሳከክ ያለበት፣ ማስነጠስ የሚያስቸግረው ሰው አለ?» ብዬ ነበር። የተቀጠርኩት የልጆችን አለርጂ ለሚያጠና ቡድን መረጃ ሰብሳቢና አስተርጓሚ ሆኜ ነው። አለርጂን እዚህ ሁሉም በዐረብኛው «ሐሳሲያ» ይለዋል። ሕፃኑ የት ተወለደ፣ እስከ ስንት ወሩ ጠባ፣ ቤቱ ጭስ አለው ወይ፣ ከፍየል ጋር ያድራል ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ። ይህን ሁሉም እየሳቀ ይመልስልኛል። ዘር ላይ ስደርስ ግን አፍ ይዘጋል። በእኛ ዘንድ ዘር የሚጠየቀው ለጋብቻ ነው፤ በሽታ አለብን ያለ ሰው ልጁን ማን ያገባለታል?

አለቃችን ሱዳናዊት ሐኪም ናት፤ ዶክቶራ እንላታለን። የመጀመሪያ ሳምንት ሥራዬን አይታ፣ «ማ መዕጉል! የማይታመን ነው! ይህ ሁሉ ሕዝብ አንድም የሚያስነጥስ አያት የለውም?» አለችኝ።

ከዚያ የትርንጎ ነገር መጣ። ትርንጎ ከመተማ ተድራ የመጣች የሰሊጥ ሠራተኛ ሚስት ናት። የሁለት ዓመት ልጇ ማሬ ሰሊጥ ሲራገፍ ማስነጠስ ትጀምራለች፤ ዓይኗ ያብጣል፣ ክንዷ ሽፍ ይላል። የትርንጎ አማት እማማ አስካለ፣ «ይህ ከእናቷ ወገን የመጣ ነው፤ በእኛ ዘር የለም» ብለው ሚስቱን ወደ እናቷ እንዲመልስ ልጃቸውን ወጥረው ይዘውታል። ትርንጎ ዕቃዋን ሸክፋ ጨርሳለች። አንጀቴን በላችው።

እናቷና አያቷ ይዘዋት ሲመጡ፣ ዶክቶራ ሐሳሲያዋ ከምን እንደሆነ ለማየት ማሬ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገች። በየምልክቱ ከአቧራ፣ ከሰሊጥና ከመሳሰለው የተዘጋጀ አንዳንድ ጠብታ አድርጋ ቆዳዋን በትንሽ መርፌ ነካ ነካ አደረገች። ያበጠውን በማስመሪያ እስክንለካ መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ አልችልበትም።

«እማማ፣ ማሬ በማን ወጣች?» አልኳቸው።

«በእኛ ነዋ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ዓይኗን አታይም? የልጀ ነው። ግንባሯ የኔ።»

«ቁጣዋስ?»

«እሱም የኔው ነው፤ ምን ይደረግ!»

«ማስነጠሷስ?»

«እሱማ ያባቴ ነው እንጅ! አባቴ ሰሊጥ ማራገፍ ሲጀምር ማስነጠስ የጀመረ፣ እስኪጨርስ መች ያባራ ነበር? ጎረቤቱ ሁሉ እየሳቀበት...» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ትርንጎ ቀና ብላ አየቻቸው። ቀድመው የሳቁት ራሳቸው እማማ አስካለ ናቸው፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ካፍ የወጣ አፋፍ! በይ ልጀ፣ ዕቃሽን ፍች» አሏት።

ለዶክቶራ ስተረጉምላት እሷም መሳቅ ጀመረች። ከሁለቱም ወገን ሊመጣ እንደሚችል፣ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ አስረዳቻቸው። በማሬ ክንድ ላይ ያበጠው የአቧራው ጠብታ ነበር፤ ሰሊጥ ሲራገፍ ከአቧራው ትራቅ ተባለ።

«የአባትዎን ነገር ልጻፈው?» አልኳቸው።

«ጻፊው! እንዲያውም ስሙን ጨምሪበት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የምጠይቀው ልጁ በማን እንደወጣ ነው። የሞቱ አያቶች ሁሉ ተነሥተው ማስነጠስ ያዙ፤ ዶክቶራም ሥራዬን ወደደችው። ባለፈው ትርንጎ ቤት ስገባ ማሬ አስነጠሰች። እማማ አስካለ ከጓዳ ሆነው፣ «ይማርሽ፣ አባየ!» አሉ።

ሰው በዘሩ ያለውን በሽታ ሲጠይቁት ይደብቃል። ልጁ በማን እንደወጣ ሲጠይቁት ግን ሁሉንም ይናገራል።