የደብረ ሲናን ቁልቁለት ከአማቴ ጋር

አማቴን ደብረ ሲና ወስጄ ግራ ዓይናቸውን ካሳከምኩ በኋላ ወደ ሸዋ ሮቢት እየተመለስን ነበር። መኪና ስለጠፋ፣ ዓይናቸው በፋሻ እንደተሸፈነ ከሞተሬ ኋላ አፈናጠጥኳቸው። ካፊያ ጀምሯል። አስፋልት ገና ሲረጥብ እንደ ሳሙና እንደሚያንሸራትት እያወቅኩ፣ እንዳይመሽብን ብዬ ቁልቁለቱን ጀመርኩ።

ሞተር ኩርባ ላይ ሲያጋድል መንገዱን የሚይዘው መዳፍ በምታክል የጎማ ክፍል ብቻ ነው። የተፈናጠጠውም አብሮ ማጋደል አለበት። አማቴ ግን በታሰረው ዓይናቸው በኩል የሚመጣው ኩርባ አይታያቸውም። ወደ ግራ ባጋደልኩ ቁጥር የምንወድቅ መስሏቸው ወደ ቀኝ ይሳባሉ።

"እማማ፣ አብረውኝ ያጋድሉ!"

"ልንደፋ ነው እኮ!"

አንዱ የግራ ኩርባ ላይ ከፊታችን ከባድ መኪና ብቅ አለ። ደንግጬ ፍሬን ረገጥኩ። የኋላ ጎማው ከሥሬ ሸሸ፤ ሞተሩ ወደ ገደሉ ተንሸራተተ።

"ያ ረቢ!" ብለው ወገቤን ጨመደዱት።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ፍሬኑን ለቀቅኩ። ጎማው ተንገጭግጮ መንገዱን መልሶ ያዘ። ከባድ መኪናው በጎናችን አልፎ ስንቆም ከጠርዙ አንድ እርምጃ ቀርቶን ነበር። ቁልቁል ሳይ የዛፎቹ አናት ከእግሬ በታች ነው። ሞተሩን አጠፋሁ።

"በእግራችን እንውረድ" አልኳቸው።

ከንፈራቸው ዱዓ ላይ ነበር። ሲጨርሱ፣ "በዚህ ዓይኔ የት እደርሳለሁ ልጄ? ኩርባው ሲመጣ ወደየት እንደሆነ ንገረኝ፤ እከተልሃለሁ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ኩርባው ጋ ሳልደርስ ፍጥነቴን ጨርሼ እቀንስና "ግራ!" እላለሁ። እሳቸውም "ግራ!" ብለው ጀርባዬ ላይ ተለጥፈው ያጋድላሉ። ጎማው ያዘ። ቀጥሎ ባለው ግን ይክዳል እያልኩ፣ ምራቄ ደርቆ ነው የወረድኩት። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን።

ባለቤቴ ስለ መንገዱ ስትጠይቅ አማቴ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው" ብለው ገብተው ተኙ።

በማግስቱ ጎማ ጠጋኙ የኋላ ጎማዬን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ጥርሱ አልቆ ሙልጭ ብሏል።

"በዚህ ነው ደብረ ሲናን የወረድከው?"

"ቀይረው" አልኩት። ጎማው ተቀየረ። አሁን አማቴን ሐኪም ቤት የማመላልሰው በሚኒባስ ነው፤ መኪናው በተጠመዘዘ ቁጥር ክንዴን ጭምቅ ያደርጉታል፤ እኔም እጃቸውን አጥብቄ እይዛለሁ።