የጨረቃው ምልክት

«የሱሚን እናት፣ ያ ፕሮፌሰርሽ ሞተ እኮ!» አለችኝ ከቀሩት ጎረቤቶቼ አንዷ፣ በሾርባ ቤቴ በር ብቅ ብላ። ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ መላጤን ቀጠልኩ።

ስሙን ጠይቄው አላውቅም። ሁልጊዜ ያንኑ ክርኑ ያለቀ ኮት ለብሶ ይመጣል፤ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ስለ ከተሞችና ስለ ሰዎች አኗኗር ነበር። ማዕረጉን ያገኘው ስለ እኛ ሰፈር፣ ሴኡል ውስጥ ስላለችው ባምጎል በጻፈው መጽሐፍ ነበር። «ባም» በእኛ ቋንቋ ሌሊትም ነው፣ በክረምት እሳት ላይ የምንጠብሰው ፍሬም ነው። ሰፈራችን የተጠራችው በፍሬው ነበር፤ እሱ ግን «የሌሊት መንደር» ብሎ ጻፈ። መጽሐፉ ሲነበብ መጠጥ ቤት ከፋቾች ጎረፉ፤ ኪራይ ናረ፤ ጎረቤቶቼ ለቀው ሄዱ። የባሌ አባት የተከሉት የመጨረሻው የባም ዛፍም ለመኪና ማቆሚያ ተቆረጠ።

«መምህር፣ ሌሊቱን መቼ ነው የሚያነጉልን?» ይለው ነበር ባሌ።

«በሚቀጥለው እትም አርመዋለሁ፣ አባባ» ይላል፣ ሾርባው ላይ እንዳቀረቀረ።

ባሌ ባለፈው መኸር ሞተ። ፕሮፌሰሩ ለቅሶ መጥቶ እንደ ለቅሶ ደንባችን ፎቶው ፊት ሁለቴ ሰገደ፤ ያቀረብንለትን ምግብ ሳይቀምስ ወጣ።

መጽሐፉ አልታረመም። በሰፈሩ መግቢያ በቆመው ምልክት ላይ ዛሬም የተሳለው ጨረቃ ነው።