ከማዶ የጠፋው ጭስ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደንዲ ሐይቅ አፋፍ ላይ የጨርቅ ክንፌን ሣሩ ላይ ስዘረጋ ኦቦ ቱሉ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ።

ለማታውቁኝ... አምቦ ነው የምኖረው። ዕድሜዬን ጋዜጣ ላይ ጨረስኩና ሃምሳ ካለፈኝ በኋላ ሁለት ነገር ለመድኩ፤ በፓራግላይደር መብረርና ትንፋሽ ይዞ ውሃ ውስጥ መጥለቅ። መጥለቁን የተለማመድኩት አምቦ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው። መብረሩን አንድ ወዳጄ አስተማረኝ። በሁለቱም ገና ጀማሪ ነኝ። ባለቤቴ «መሬት ምን በደለችህ?» ትለኛለች።

የደንዲ ሰዎች ግን መብረሬን እንደ አገልግሎት ነው የቆጠሩት። «ከወጣህ አይቀር...» ብለው ይጀምራሉ። አንዱ የጠፋች ባዝራውን፣ ሌላዋ ከገበያ የዘገየ ባሏን ከላይ ሆኜ እንድፈልግላቸው ያዝዙኛል። ባዝራዋን አግኝቻታለሁ። ባልየውንም አግኝቼዋለሁ፤ ግን የት እንደሆነ አልተናገርኩም።

ኦቦ ቱሉ ቤታቸው ከምነሳበት ቦታ አጠገብ ነው። እስከዚያ ቀን አንድም ነገር አዝዘውኝ አያውቁም። ደጃቸው ተቀምጠው ያዩኛል፣ ያ ብቻ።

«አካም ቡልቴ፣ ጋዜጠኛው?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ኦቦ ቱሉ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

የሐይቁን ማዶ አዩ።

«ዛሬ ነፋሱ ወዲያ ይወስዳል?»

«ትንሽ ይወስዳል። ምነው?»

«ምንም... ከባሕር ዛፉ ጀርባ አንድ ቤት አለ። ጭስ ካለው እይልኝ።»

ቤቱ የማን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የታናሽ ወንድማቸው የኦቦ ፈይሳ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች አባታቸው በተዉት የንብ ቀፎ ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ሁለቱም ሚስቶቻቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎች ናቸው።

«በየጠዋቱ ጭሱን አያለሁ» አሉ። «አሁን ሦስት ቀን ሆነው፤ የለም።»

«ታዲያ ለምን ሰው አይልኩም?»

ምርኩዛቸው መሬቱን መታ። «እዚህ አገር ከተጣሉ በኋላ ቀድሞ የላከ ጥፋተኛ ነው። እኔ ጥፋተኛ አይደለሁም። አንተንም አልላክሁህም! አንተ ለራስህ መብረርህ ነው። ዓይንህ ካረፈበት ንገረኝ፣ ካላረፈበት ተወው።»

ይህን ብለው ወደ ደጃቸው ተመለሱ።

ተነሳሁ።

ደንዲ ከላይ ሲታይ በወገባቸው የተያያዙ ሁለት ሐይቆች ናቸው። ከገመዶቹ ቀጭን ፉጨት በቀር ድምፅ የለም። አፋፉ ላይ ገብስ የሚያዘሩ ሰዎች ጭዱን ወደ ላይ ሲበትኑት እየቀለለ፣ እየበራ ወደ እኔ የሚመጣ ይመስል ነበር። ጥላዬ ውሃው ላይ እንደ ትልቅ ዓሣ ይከተለኛል። እዚያ ስሆን ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አላውቅም... ስሜንም ብትጠይቁኝ አስቤ ነው የምመልሰው።

ከባሕር ዛፉ በላይ ደረስኩ። ቤቱን አየሁት። በሩ ዝግ ነው። ጭስ የለም።

መመለስ ነበረብኝ። ግን ለኦቦ ቱሉ ምን ልበላቸው? «ጭስ የለም» ብል፣ ለእሳቸው «ወንድምዎ ሞተዋል» ማለት ነው። ያላጣራሁትን ደግሞ ተናግሬ አላውቅም። አንድ ዙር ጨመርኩ።

በዚያ ዙር ሐይቁ ላይ ሳለሁ ነፋሱ ቆመና ወደ ውሃው ወረድኩ።

ዋና አዋቂ ነኝ ብዬ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ። ሐይቁ ተቀበለኝ፤ ክንፉም ከላዬ ተዘረጋ። የፀሐይ ብርሃን በቀዩ ጨርቅ ሲያልፍ ውሃው ሁሉ ንጋት መሰለ። አሁንም የምበር መሰለኝ። ምንም አልፈራሁም... ኋላ ላይ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

ደረቴ ሲጨነቅ ነቃሁ። ከክንፉ ጋር ያሰሩኝን ማንጠልጠያዎች አንድ በአንድ ፈታሁ። ከጨርቁ ሥር ወደ ጎን ዋኝቼ ራሴን ሳወጣ፣ አንድ ሽማግሌ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ረጅም አጣና ዘርግተውልኛል።

«ያዝ! አጥብቀህ ያዝ!»

ኦቦ ፈይሳ ነበሩ። ዳር አውጥተው ጋቢያቸውን አለበሱኝ። ጥርሴ መንገጫገጩን ሳያቆም ጠየቁኝ።

«ቱሉ ነው የላከህ?»

«ኧረ አልላኩኝም።»

«ሁልጊዜ ከእሱ ደጅ ስትነሳ አይሃለሁ። ምን ብሎህ መጣህ?»

«ጭስ ካለው እይልኝ አሉኝ።»

ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

«ሦስት ቀን እሳት አላነደድኩም» አሉ ቀስ ብለው። «በዚህ ብርድ በሶ በቀዝቃዛ ውሃ እየበጠበጥኩ ነው የሰነበትኩት። ጭሱን ሲያጣ ይመጣል ብዬ ነበር። ሞተ ብሎ እንኳ ይመጣል ብዬ...»

ከዚያ ድንገት ሳቁ። «ሰው ከሰማይ ይጥልብኛል ብዬ ግን አላሰብኩም!»

ክንፉን ከሐይቁ ጎትተን አወጣነው። እርጥቡን ፈረሳቸው ላይ ጫኑት። «ይሄ ዕቃ ለአንድ ሰው ይከብዳል» አሉና ልጓሙን ይዘው ቀደሙ። ሐይቁን ዞረን ከሁለት ሰዓት በላይ ስንሄድ ስለ ወንድማቸው አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ኦቦ ቱሉ ስወድቅ ከአፋፉ አይተውኛል። ሊደርሱልኝ ሲወርዱ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥለው ከፈረሱ ጎን የቆሙትን ሰው አዩ።

ማን ቀድሞ ሰላም እንደሚል ጠበቅሁ። ማንም አላለም።

ኦቦ ቱሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የማትረባ! ይሄ የመብረሪያ ዕድሜ ነው? ልጆች የሉህም?»

«እኔም ይሄንኑ ስለው ነው የመጣሁት!» አሉ ኦቦ ፈይሳ። «ራሱ ባዶ ነው!»

«ባዶ! ፍጹም ባዶ!»

«ቆይ፣ ውሃው ውስጥ እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርህ...» ብለው ኦቦ ፈይሳ ድንጋዩ ላይ ከወንድማቸው አጠገብ ተቀመጡ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ማስተባበያ ጽፌያለሁ... ራሴ ባዶ ነው መባሌን ግን አላስተባብልም።