ወደ ጭቃው የዞረው ሽፋን

ዛሬ እፎይ ብዬ አወራዋለሁ። በደርግ ጊዜ ጎባ ውስጥ የመሥሪያ ቤታችንን መጽሔት ገጾች የማቀናብረው እኔ ነበርኩ። የፊት ሽፋኑ ሁልጊዜ የሊቀመንበሩ ፎቶ ነው፤ የዚያው ቅጠል ጀርባ ባዶ እንዳይሆን ቀይ አበባ አደርግበታለሁ።

አንድ ቀን ከካድሬያችን ጋር ዲንሾ ሄደን፣ ብርዱ ሲጠናብን አዴ ፋጡማ የሚባሉ እናት ቤት ገባን። የጭቃ ግድግዳቸው ከዳር እስከ ዳር በእኔው ሽፋን ተለጥፏል። ደስ ሊለኝ ሲል ልብ አልኩ፤ የሚታየው አበባው ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ፊታቸውን ወደ ጭቃው አዙረዋል!

ካድሬው ተጠግቶ አየና፣ “አዴ፣ ሊቀመንበራችን የታሉ?” አላቸው።

“ጢሱ ፊታቸውን እንዳያጠቁረው ብዬ ነው፣ ልጄ።”

ካድሬው ወጣ። ተከተልኩት። መኪናው ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘኝ።

“ለሚቀጥለው እትም አበባውን ቢጫ አድርገው” አለኝ በሹክሹክታ። “ባለቤቴ ቀዩ ቤቱን አጨለመው ብላለች።”