ከዳካር ጠዋት ብትሳፈር

አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የመስኮቴ መስታወት ይንቀጠቀጣል። በልጅነቴ ቂርቆስ የሚንቀጠቀጠው የቤታችን ቆርቆሮ ነበር። ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ወዴት እንደሚሄድና በስንት ሰዓት እንደሚደርስ እገምታለሁ፤ እስካሁንም አልተወኝም። እናቴን ያስዋሸኝ ይኸው አመሌ ነው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ታላቅ እህቴ ዳካር የመማር ዕድል አገኘች። እናቴ እምቢ አለች። አያቴ ጎንደር ሲያርፉ አውቶቡሱ ሁለት ቀን ፈጅቶባት ቀብራቸው አምልጧት ነበር፤ ያ ነገር አንጀቷን ሲበላት ኖሯል።

"የኔ አስከሬን ማቀዝቀዣ ውስጥ አያድርም" አለች። "ጠዋት ተሳፍራ ለዘጠኝ ሰዓት ቀብር የምትደርስ ከሆነ ትሂድ።"

ከስፌት ሣጥኗ ክር መዝዤ አትላስ ላይ ለካሁ፤ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መጣ። ለእህቴ የተላከላት የበረራ ወረቀት ደግሞ ከቦሌ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተነስቶ ዳካር ስምንት ተኩል ይደርሳል ይላል። ቀነስኩት፤ አምስት ሰዓት ተኩል። ሳካፍለው አውሮፕላኑ መምህራችን ከነገሩን ፍጥነት በጣም በለጠ። ጎበዝ ፓይለት ነው ብዬ አለፍኩት።

"ትደርሳለች እማ፣ ከዚያም ጠዋት ሦስት ሰዓት ብትነሳ ግማሽ ሰዓት ይተርፋታል" አልኳት። እህቴ ሄደች።

የሄደች ቀን እናቴ ከስምንት ተኩል ጀምሮ ስልኩን ታቅፋ ተቀመጠች። ዘጠኝ ሆነ፣ አሥር ሆነ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተደወለ።

"እማ፣ አሁን ገባሁ። እዚህ ስምንት ተኩል ነው።"

እናቴ የግድግዳውን ሰዓት፣ ቀጥላ እኔን አየች። "ሦስቱን ሰዓት ምን በላው?"

ደብተሬን ዘረጋሁ። ፀሐይ እኛ ዘንድ ቀድማ እንደምትወጣ ገባኝና ደስ ብሎኝ አስረዳኋት።

"ስትመለስስ?" አለች ቀስ ብላ።

አሰላሁት። ከዳካር ጠዋት ሦስት ሰዓት ብትነሳ ቦሌ የምትደርሰው ከምሽቱ ሁለት ተኩል ነው። የእናቴን ፊት አየሁና እርሳሴን አስቀመጥኩ።

"ስትመለስ በፀሐይ መውጫ በኩል ስለሆነ ይፈጥናል።"

"እሰይ" አለች።

እህቴ ተምራ እዚያው ሥራ ያዘች። እናቴ ባለፈው ዓመት ስታርፍ እንዳዘዘችው በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ቀበርናት፤ እህቴ ያኔ ሰማይ ላይ ነበረች። ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ መሽቷል። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም፤ ውሸቴን ሁሉ ነገርኳት።

"እማ እኮ ታውቅ ነበር" አለችኝ። "ለመጀመሪያው ዕረፍት ስመጣ ማታ ደረስኩ አይደል? የዚያን ዕለት ነው የነገረችኝ። 'ለኔ ብላ ነው የዋሸችው፣ እንዳወቅሁ እንዳትነግሪያት፣ ትደነግጣለች' አለችኝ።"

ቀብሩ ላይ እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር። ያኔ መጣ።