የጎማው ውሻ

ተፈታኞቹ የሚጠሩት በቁጥር ነው። ሰባት ቁጥር በዕድሜ ለፈታኟ አባት ይሆናሉ። ሌላ አገር ተምረው ዕድሜያቸውን እንስሳ ሲያክሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ ግን ያለ ፈቃድ ድመት እንኳ ማከም አይችሉም። ለፈቃዱ ሲፈተኑ ይህ ሦስተኛውና የመጨረሻው ሙከራቸው ነው። ነጩ ጋውናቸው ደረቱ ላይ ተጠልፎ የነበረው ስም ተተርትሮ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

ጠረጴዛው ላይ የጎማ ውሻ ተጋድሟል። ሌሎቹ ገና ከመግባታቸው እግሩን ይዘው መርፌ ይሰኩበታል። እሳቸው መጀመሪያ እጃቸውን አስሸተቱት እንጂ! ከዚያ ጆሮውን እያሻሹ፣ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አሁን ነው የምንጨርሰው» አሉት።

ፈታኟ ሰዓቷን አየች። «አባባ፣ ደቂቃዎ እያለቀ ነው። ጎማ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ። እጄን ማን ያስረዳልኝ?»

መርፌዋ በአንዴ ደም ሥሩ ውስጥ ገባች። ወዲያው ደወሉ ጮኸ። የፈታኟ ቅጽ መጀመሪያ ረድፍ «እንስሳውን ማረጋጋት» ይላል፤ ከጠዋት ጀምራ ስድስት ጊዜ ባዶውን አልፋዋለች። አሁን ሙሉ ነጥብ ጻፈችበት።

«ጨርሰዋል ዶክተር፣ መውጣት ይችላሉ» አለች።

አልሰሟትም። የጎማውን እግር በጥጥ ጫን አድርገው ይዘው፣ ደሙ እስኪቆም ይጠብቁ ነበር።